«አላየሁትም»

በአገራችን ሰው ገጭቶ ከቆመ ሾፌር አፍ (ከቆመ ማለታችን ነው) መጀመሪያ የምትወጣው ቃል ትታወቃለች። «አላየሁትም!» ከዚያ «ከየት መጣ ሳልለው ገባብኝ» ትከተላለች። ትራፊኩ ሜትር ይዘረጋል፣ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ሰፈርተኛው ከብቦ ያለቅሳል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ነገሩም «ቀኑ ደርሶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሟች መናገር አይችልምና የሾፌሩ ቃል ብቻዋን ምስክር ሆና ትቀራለች። ዛሬ ጠባችን ከዚህች አንዲት ቃል ጋር ነው። ሾፌሩ ዋሽቷል ልንል አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ አላየውም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አለማየት ከመቼ ወዲህ ነው ሰበብ የሆነው?

ነገሩን መሬት ለማስያዝ ወደ ቱላ እንውረድ። ቱላ ከሐዋሳ 8 ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ሐዌላ ቱላ ስሙን የወሰደባት ናት። በወረቀት ከተማ ናት፤ በኑሮ ግን አንድ እግሯ እንሰት ጓሮ ውስጥ ነው፤ ክፍለ ከተማው የገጠር ቀበሌዎችንም በጉያው ይዟልና። የዚህ አካባቢ ሰው ሐዋሳ ይሠራል፣ ሐዋሳ ይማራል፣ ሐዋሳ ይሸጣል፣ ማታ ቱላ ይገባል። በመካከል ያለው ደግሞ ተራ መንገድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርደው፣ ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ የሚገባው፣ በአፍሪካ ካርታ ላይ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ተብሎ የተሰመረው አውራ ጎዳና ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዲት እናት ያልተሸጠላትን ቆጮ አዝላ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ካይሮን ከኬፕታውን በሚያገናኝ መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። ከኋላዋ የሚመጣው ቦቴ ስለ ቱላ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከዲላ በፊት የምትታለፍ ቦታ መሆኗን ብቻ ነው።

ቦቴው ብቻውን አይደለም። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ አለ። «ቀይ ሽብር» የተባለው ሲኖትራክ አለ። ከመሸ በኋላ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ለመቃረም የሚበር ሚኒባስ አለ። ባጃጅማ አይነሳ። ሕዝብ ለጭነት መኪና የገዳይ ስም ሲያወጣ ቀልድ ብቻ አድርገን እንስቃለን። ቀልድ አይደለም፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት በዚያ ግልጽነት ጽፎት የማያውቅ ሪፖርት ነው።

የአውሮፓውያንን የመንገድ ደህንነት ምክር ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ምክሩ ሁሉ ስለ ክረምታቸው ነው። «ቀኑ እያጠረ ነው፣ ከሥራ ስትወጡ ይጨልማል፣ ተጠንቀቁ» ይባላሉ፤ ጸደይ ሲመጣ ምክሩ ካፖርቱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እረፍት የለም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላም ወዝወዝ ብላ አትሰናበትም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይሆናል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው አገራችንን ለዓለም ቱሪስት አስተዋወቁ፤ ነፍስ ይማር፣ ትልቅ ሥራ ነበር። የዚያው ሳንቲም ሌላው ገጽ ግን የ13 ወር ጨለማ ነው፤ በየቀኑ ግማሽ ቀን። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል የወጣ ሰው ታክሲ አጥቶ በእግሩ ቢነሳ ቱላ የሚደርሰው ከጨለማ ጋር ነው። የማታ ተማሪው፣ የዘበኛ ፈረቃ የሚቀይረው፣ ሌሊት ለማኅሌት የምትነሳው እናት፣ ከአዳር ጸሎት የሚመለሱት፣ ንጋት ላይ የሚሮጠው ስፖርተኛ፣ ሁሉም የጨለማ ደንበኞች ናቸው።

አሁን ወደ ቃሏ እንመለስ። ሒሳቡ አጭር ነውና እባካችሁ ታገሡን።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል። ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት (አልጠጣም፣ አልደከመም፣ ስልክ አላነሳም ብለን እጅግ አክብረነው ነው) 33 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ደህና፣ ጎማው ደህና፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ይፈልጋል። በድምሩ 68 ሜትር። ዝናብ ከጣለማ ወደ 95 ይጠጋል። አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር እዩት። በአጭር መብራት ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ለሾፌር የሚታየው ከ25 እስከ 30 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ነጭ የለበሰ ከ50 እስከ 60 ሜትር። አንጸባራቂ ያደረገ ከ130 ሜትር በላይ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ጉዱ ይወጣል። በ80 የሚነዳ ሾፌር ጥቁር የለበሰውን ሰው ባየበት ቅጽበት እግሩ ገና ፍሬኑን ሳይነካ ሰውየው ጋ ደርሷል። ፍጥነቱ ጥቂት እንኳ ሳይቀንስ ማለት ነው። ወደ 50 ቢያወርደው ለመቆም 35 ሜትር ይበቃዋል፤ ነጠላ የለበሰችዋ ትድናለች፣ ባለ ጥቁሩ ጃኬት አሁንም አይድንም፣ ቢያንስ ግን የሚመታው ፍሬን በተያዘበት መኪና ነው። 40 ላይ ለመቆም 26 ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ ጥቁር ጃኬትም ጭምር ተስፋ አለው። እንግዲህ ሾፌሩ «አላየሁትም» ሲል የሚነግረን ምንድን ነው? «መብራቴ ከሚያሳየኝ ርቀት በላይ እየነዳሁ ነበር» ነው የሚለን። ፊት ለፊቱ ያለው ጥቁር መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ይኑር፣ የጠፋ በሬ ይኑር፣ የተበላሸ ሲኖትራክ ቆሞ ይኑር አያውቅም፤ ባዶ ነው ብሎ ወስኖ ገባበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደል የሚለው እኮ ለዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ቃሏ መከላከያ አይደለችም። የእምነት ክህደት ቃል ላይ ብትጻፍ የሚሻላት ቃል ናት።

ደግሞ ይህ ሁሉ ሒሳብ ሁለቱም መብራቶቹ ለሚሠሩ መኪና ነው። በየምሽቱ የምናየውን አንድ ዓይና መኪናና ፋኖስ የምታህል ብርሃን ይዛ የምትሽከረከረዋን ባጃጅ ሒሳቡ አላካተታቸውም። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር በረዥም መብራት የሚያሳውረውንም እንዲሁ። የዚህ የመጨረሻው ጥፋት ረቀቅ ያለ ነው። ሁለት መኪኖች ረዥም መብራታቸውን ሳይቀንሱ ሲተላለፉ በመካከላቸው ጠርዝ ይዞ የሚሄድ እግረኛ ለሁለቱም ይጠፋል። እግረኛው ደግሞ በብርሃን ተጥለቅልቋል፤ እጁ ላይ ያለው ጠጉር ሳይቀር ይታየዋል፤ «አሁንማ ዕውር ካልሆነ በቀር ያየኛል» ብሎ ያስባል። በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የተጋለጠበት ሰከንድ ያ ነው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችን ወደ እግረኞች እናዙር። እግረኛ ሁሉ የሚሳሳተው በአንድ ቦታ ነው። መኪናውን ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት እናየዋለን፤ ስለዚህ እሱም የሚያየን ይመስለናል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ሰዎች «አሁን ሾፌሩ አየኝ» ብለው የሚገምቱት ርቀት ሾፌሩ በእውነት ከሚያያቸው ርቀት እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ያላመነ ይሞክረው። ማታ መኪና ያለው ጎረቤት ፈልጉ፤ መኪናው በቆመበት አጭር መብራቱን ያብራላችሁ፤ አንድ ጓደኛችሁ ጥቁር ለብሶ ወደ ጨለማው ይሂድ፣ እናንተ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እርምጃውን ቁጠሩ። ሠላሳና አርባ እርምጃ ላይ ጓደኛ አልባ ትሆናላችሁ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህንን ነገር ሳይማሩ ፈትተውት ነበር ማለት ይቻላል። ነጠላው ነጭ ነው፣ ጋቢው ነጭ ነው፣ ኩታው ነጭ ነው። የማኅሌት ሰው ሌሊት ሲሄድ ከሩቅ ይለያል። ከዚያ እኛ መጣንና ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ጂንስ፣ ጥቁር ኮፍያ ዩኒፎርማችን አደረግነው። (ጥቁር ቆሻሻ ይችላል የሚለው ክርክር ይገባናል፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰው ነጭ ልብስ ቅንጦት ነው።) ነገር ግን ነጠላም ብቻውን አያድንም፤ ለሁለት ምክንያት። አንደኛው በ80 ለሚመጣ መኪና ነጭ ልብስ በቂ አለመሆኑን አሁን አይተናል። ሁለተኛው ሸክሙ ነው። በገበያ ቀን ከቱላ የሚወጣውን ወይም ወደ ቱላ የሚገባውን ሰው ከኋላ ሆናችሁ እዩት። ነጭ ነጠላ ያደረገችው ሴት ከኋላ ስትታይ ነጭ አይደለችም። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ናት፣ የማገዶ እስር ናት፣ የከሰል ማዳበሪያ ናት። ሾፌሩ ሴትዮዋን ሳይሆን ሸክሟን ነው የሚያየው፤ ሸክሟ ደግሞ የጨለማው ዘመድ ነው። «ነጭ ልበሱ» የሚለው የሬዲዮ ምክር ጀርባው ባዶ ለሆነ ሰው የተጻፈ ምክር ነው።

ታዲያ መፍትሔው አጠገባችን ተሰቅሎ አለ። ማንኛውንም የጭነት መኪና ከኋላ ተመልከቱ፤ ቀይና ነጭ አንጸባራቂ ተለጥፎበታል። የአስፋልት ሠራተኛው ሰደርያ ላይ አለ። የጽዳት እናቶች ልብስ ላይ አለ። ሲሚንቶው ይታይ ዘንድ አንጸባራቂ አለው፣ ብረቱ አለው፣ ጫቱ አለው። ሰው ብቻ የለውም! መኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ጠይቁ፤ በሜትር ይቆረጣል። ቦንዳ ከሚፈታባቸው ገበያዎች የሚገዛው ልባሽ የስፖርት ጫማና ጃኬት ላይም ብርማ ጭረት ሆኖ የተሰፋ ብዙ አለ፤ ልብሱ ሲያልቅ ጭረቱ ከነነፍሱ ነው የሚጣለው።

አንጸባራቂ እንደ መስታወት አይደለም፤ እንደ ነጭ ጨርቅም አይደለም። ነጭ ጨርቅ ያገኘውን ብርሃን ለአራቱም ማዕዘን ይበትናል። አንጸባራቂ ግን ውስጡ ባሉት ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች ወይም በተደረደሩ ፕሪዝሞች አማካይነት ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ከመኪናው የወጣው ወደ መኪናው ይመለሳል። ለዚህ ነው ከ130 ሜትር በላይ የሚታየው። እንግሊዛዊው ፐርሲ ሾ በ1934 እ.ኤ.አ. አስፋልት መሀል የሚተከለውን «የድመት ዓይን» የፈጠረው በዚሁ መርህ ነው። የእግረኛው ታሪክ ግን ከፊንላንድ ይመጣል፣ ለሐዋሳ ሰውም የበለጠ ይቀርባል። እዚያ አርቪ ሌህቲ የሚባል ፕላስቲክ ሠሪ አንጸባራቂ የሠራው መጀመሪያ ለፈረስ ጋሪ ነበር። ጋሪ! በሐዋሳ ጎዳናዎች ባጃጅ ሳይመጣ ስንት ዓመት ያገለገለን ጋሪ። ፊንላንዳውያን «ለጋሪው ካበጀነው ለሰውየውስ?» አሉ፤ ከኮት ኪስ የሚንጠለጠል ቁራጭ ሠሩ። ከከተማ ውጭ በጨለማ የሚሄድ እግረኛ አንጸባራቂ እንዲያደርግ በሕግ ደነገጉ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግዴታውን ወደ ከተማም አሰፉት። ሕጉን ላላከበረ እግረኛ ግን ቅጣት አላስቀመጡም። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ አስምሩባት፤ የእኛ ሹማምንት ሐሳቡን ከወደዱት መጀመሪያ የሚያስቡት ደረሰኝ መቁረጥን ነውና።

እዚህ ላይ ወዳጆቻችን ይቆጡናል። ቁጣቸው ከባድ ስለሆነ በቅጡ እናስተናግደው። «እናንተ ሰዎች፣ በፍጥነት የሚነዳው ሌላ፣ የእግረኛ መንገድ ያልሠራው ሌላ፣ መብራት ያልተከለው ሌላ፤ አንጸባራቂ ይግዛ የሚባለው ግን ሟቹ? ነገ አንጸባራቂ ያላደረገ ሰው ሲሞት ‘ጥፋቱ የራሱ ነው’ ልትሉን ነው?» ይሉናል። እውነት አላቸው። ይህ ስጋት ባዶ አይደለም፤ እግረኛን መክሰስ ልማዳችን ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑን የከተማዋ የመንገድ ደህንነት ሪፖርቶች በየዓመቱ ደጋግመው ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሬዲዮው ምክር ግን ዛሬም «እግረኞች ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከአሁኑ በግልጽ እንናገር። አንጸባራቂ የሌለው እግረኛ ሲገጭ የሾፌሩ ጥፋት በአንዲት ግራም አይቀንስም። መንገዱ የሁሉም ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ለመታየት ፈቃድ ማውጣት የለበትም። ይህንን ሁሉ ተስማምተን ስንጨርስ ግን ዛሬ ማታ ይመሻል። የእግረኛ መንገዱ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይሠራ ይሆናል፤ እናትየው የምትመለሰው ዛሬ ነው። ትክክል ሆኖ መሞትና ተሳስቶ መሞት ለቀብር አንድ ነው። እኛ ለክርክሩም ለጭረቱም ነን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቀን ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሴቶች ነው የሚመጣው። «ለሾፌር መታየት ለሌባም መታየት ነው።» ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቆ ሲከፈት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሥራ አመጣ። የደመወዙ ነገር የታወቀ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ጥናት መነሻውን በወር 26 ዶላር ብሎት ነበር። በዚህ ገንዘብ መሀል ከተማ ቤት አይከራዩበትም፤ ዳር ይወጣል። ዳር የወጣች ልጅ ከፈረቃ ስትወጣ የምትፈራው መኪናን ብቻ አይደለም። ጥግ ይዛ፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ የስልኳን መብራት አጥፍታ ትሄዳለች። ሆን ብላ ነው የምትሰወረው። «ታይ» ብትሏት ትስቅባችኋለች፤ መታየት ምን እንደሚያስከትል ከእናንተ በላይ ታውቃለችና። የመንገድ ደህንነት መምህራን ይህንን ነገር ሲያነሱት ሰምተን አናውቅም።

እናም ከላይ ስለ አንጸባራቂ አሠራር ያንዛዛነው ለዚህ ነበር። ብርሃኑን ወደመጣበት ብቻ ነው የሚመልሰው ብለናል። ጥግ ላይ መብራት ሳይዝ የቆመው ሰው ዘንድ ምንም አይደርስም። ለእሱ ጭረቷ ግራጫ ቁራጭ ጨርቅ ናት። ልጅቷን የምታሳየው ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ብቻ ነው። ነጭ ልብስ ለሁሉም ያሳብቃል፤ የስልክ መብራት ከዚያ በከፋ ሁኔታ ያሳብቃል፤ አንጸባራቂ ግን መብራት ላበራባት ብቻ ነው የምትናገረው። መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ደግ ነው አላልንም። ጥግ የቆመው ግን አያያትም። ይህ ለመንገድ መብራት ምትክ አይደለም፤ የመንገድ መብራት የሚጠየቀው ለዚያችው ልጅ ነው። በኮሪደር ልማቱ ሐዋሳ መብራት ስትለብስ ደስ ብሎናል፤ የሐይቁ ዳር ለሽርሽር ያምራል። ጥያቄያችን መብራቱ ቀጥሎ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ለሽርሽር የወጣ ሰው ሲደክመው ታክሲ ይጠራል። ከፈረቃ የወጣችው ግን በእግሯ ነው።

«የሚመለከተው አካል» የሚባለው ፍጡርስ ምን ይላል? ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ በሲዳማ ክልል፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ሰዎች አለቁ። አገር አለቀሰ፣ ባለሥልጣናት ሐዘናቸውን ገለጹ፣ የውጭ ዜና ማሰራጫዎች ዘገቡት። መሆን ያለበት ነው። በጨለማ ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አንድ በአንድ ነው የሚሞተው፤ አንድ በአንድ የሚሞት ዜና አይሆንም። ቁጥርም አይሆንም። ለ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በትራፊክ አደጋ ሞቱ ብላ ያስመዘገበችው ከ4,300 በላይ ሰው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የገመተው ደግሞ ከ27 ሺህ በላይ። ግምት ነው፣ መከራከር ይቻላል። ግማሹን እንኳ ብንቀበል ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሬሳዎች ከመዝገቡ ውጭ ተቀብረዋል ማለት ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው በሕይወት ሳለ ለሾፌሩ፣ ሞቶ ደግሞ ለመንግሥት ሳይታይ አለፈ።

ካሳውም ታሪክ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአንድ ሰው ሞት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ እስከ 2 ሺህ ብር አስቀምጦ ነበር። አዋጁ አንድ የሚመሰገን ነገር አለው፤ ገጭቶ ላመለጠ፣ ላልታወቀ መኪና ተጎጂዎች የሚከፍል ፈንድ እንዲኖር አድርጓል። የፈንዱ ገንዘብ ከመድን ዓረቦን ላይ ይሰበሰባል። በኋላም የመንገድ ደህንነቱንና ይህንኑ ፈንድ አንድ ላይ አድርጎ የያዘ የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እንግዲህ መከላከሉም ካሳውም አንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል። የምንጠይቀው ቀላል ነው። ለአንድ ሟች የሚከፈለው ካሳ ስንት ሜትር አንጸባራቂ ይገዛል? አስሉትና በቱላ ገበያ፣ በፋብሪካው በር፣ በማታ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ በነፃ አድሉት። ጉባኤ አይጥሩ፣ ቲሸርት አያሳትሙ፤ ካሳተሙም ጭረት ይስፉበት። ልብስ ሰፍተው ለዓለም የሚልኩ ፋብሪካዎች ባሉባት ከተማ የሠራተኛ ቦርሳ ላይ አንድ ጭረት ማሳረፍ ሊከብድ አይገባም። ትራፊክ ፖሊሶቻችንም ቀን ቀን ቦሎ ከማየት ማታ ማታ አንድ ዓይና መኪናዎችን ቢያቆሙልን ደስታችን ነው።

እስከዚያው የቱላ ልብስ ሰፊዎችን እናማክር። ጭረቷ አንድ ስንዝር ትበቃለች፤ የት እንደምትሰፋ ግን ለውጥ ያመጣል። ደረት ላይ ከሚለጠፍ ቁርጭምጭሚትና እጅ አንጓ ላይ ይበልጣል፤ የሚወዛወዝ ብርሃን ሲያይ ሾፌሩ ምሰሶ ሳይሆን የሚራመድ ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያልና። ሸክም ላላት ሴት ነጠላው ላይ መስፋት ከንቱ ነው፤ ሸክሙ የሚታሰርበት ገመድ ወይም መቀነት ላይ ይሁን፣ ከኋላ በኩል። ግራ ይዞ፣ መኪናን ፊት ለፊት እያየ ለሚሄድ ከፊት፤ ጠርዙ ጠቦት ወይም ጭቃው በዝቶበት ቀኝ ለሚይዝ ከኋላ። ጋሪ ለሚነዳ በጋሪው ኋላም በፈረሱ እግሮችም። ለተማሪ ደግሞ የደብተር ቦርሳው ማንገቻ ላይ ፊትና ጀርባውን፤ ልጅ ወደ ቤቱ ሲሮጥ የትኛውን ጠርዝ እንደሚይዝ አይታወቅም።